ጭስ ጭስ የሚል ማሽላ

የዚያ ሰኔ ብልጠቴ አንድ ሰው አስከፍሎኛል፤ ከዛሪማ የሚመጣውን አያ ካሴን። ዛሬ ጠዋት አንድ ገበሬ ሱቄ ደጃፍ ላይ የማዳበሪያውን አፍ ሲፈታ ጭስ ጭስ የሚል የማሽላ ሽታ ቢመጣብኝ፣ ዋጋ መጠየቁን ትቼ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ።

አያ ካሴ፣ ልጅ ሳለሁ፣ መኸር በገባ ቁጥር ማሽላውን ከአውቶቡስ ጣራ አውርዶ እኛ ቤት የሚያድር፣ ለእኔ አንድ እቅፍ ጥንቅሽ የሚያመጣልኝ፣ ሲስቅ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ጥንቅሹን ሳኝክ ውዬ ድዴ ሲደማ እናቴ የምትቆጣው እሱን ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርቱን ትቼ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የእህል መደብ ይዣለሁ። መጀመሪያ ጦርነት ለእኔ የሬዲዮ ፉከራ ነበር። ቀጥሎ ግን በማኪና ተጭኖ ገበያ ገባ፦ የሰው በር ከነቁልፉ፣ ቆርቆሮ ከነሚስማሩ፣ የተማሪ ዴስክ የልጆቹ ስም እንደተቀረጸበት። ሻጩ ሁሉ «የራሴ ነው» ይላል። እኔም አንድ ዘዴ አበጀሁ፤ ማሽተት። ጭስ የሚሸት ነገር ከተቃጠለ ቤት የተዘረፈ ነውና አልገዛም። በዚህ አፍንጫዬ ገበያተኛው ያደንቀኝ ነበር፤ ከሁሉ አብልጬ ግን የማደንቀው እኔው ነበርሁ።

አያ ካሴ ያለ ወሩ፣ በሰኔ፣ አንድ ማዳበሪያ ማሽላ ተሸክሞ መጣ። ከስቷል። ልጁ እዚሁ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ መድኃኒት ግዙ መባላቸውን ነገረኝ። እጄን ማዳበሪያው ውስጥ ከተትሁ። ፍሬው ሸጋ ነው፣ አንድ ነቀዝ የለውም፤ ሽታው ግን ጭስ። የቤቱ እንግዳ ስለሆነ አለፈው እንዳልባል ፈራሁ።

«አያ ካሴ፣ ይኼ ከማን ቤት ቃጠሎ የወጣ ነው?» አልሁት፣ ሰው እንዲሰማልኝ ጮክ ብዬ።

«ምነው ልጄ?» ብቻ አለ።

የገበያው ጥበቃ ሰምቶ መጣና ማዳበሪያውን ጭቃው ላይ ዘረገፈው። ከታች ሳይወቃ የቀረ አንድ የማሽላ ራስ ወጣ፤ ጥቀርሻ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ የመስቀያ ገመድ የታሰረበት። ከጎኔ በርበሬ የምትሸጠው እቴ ብርቄ ጮኸች።

«አንተ፣ አፍንጫህ ይደፈን! ይኼ እኮ ነቀዝ እንዳይነካው ምድጃ ላይ ሰቅለው የሚያከርሙት ዘር ነው!»

ጥበቃው አላመነም። «በዘር ወቅት ዘሩን የሚሸጥ ገበሬ የት አለ?»

«የሚያርስ ሲጠፋ ይሸጣል» አለ አያ ካሴ። «በሬዎቼን ጦሩ አርዶ በላቸው። ልጄም ማሳው ላይ ሳይፈነዳ የቀረ ብረት ረግጦ እግሩ ሄደ።»

«የትኛው ጦር?» አለ ጥበቃው፣ ዓይኑን አጥብቦ።

«በሬ የሚበላው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ጦርነት ወስዶ የሚሄደው በርና ቆርቆሮ ይመስለኝ ነበር፤ እግሬ ሥር ጭቃ የበላው ግን ገና ያልተዘራ የከርሞ እህል ነበር። ተንበርክኬ ለቀምሁ። ከነጭቃው በእጥፍ ልግዛህ አልሁት። «ለአንተስ አልሸጥም» አለኝ፣ ሳይቆጣ። ምነው ተቆጥቶኝ በነበር። ከጭቃው የተረፈውን ግማሽ እቴ ብርቄ ገዛችው።

ዛሬም ሰው አላምንም፤ ንግዴም ደህና ነው። ከሁሉ የምጠረጥረው የራሴን አፍንጫ ነው። መኸር ሲገባ እናቴ አሁንም አንድ የእንግዳ መኝታ ታነጥፋለች፤ ለማን እንደሆነ አልጠይቃትም።

የዛሪማ ሾፌሮች ወሬ ያመጡልኛል። ልጁ በአንድ እግሩ ድኗል። ማሳው ጦም ያድራል።