የልብስ ሰፊው ጢም

ልብስ ሰፊው ደንበኛ ሲለካ መስታወቱ ውስጥ የሚያየው ደንበኛውን ሳይሆን የራሱን ጢም ነው። ሃምሳን ተሻግሮም ጢሙ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነበር። ሚስቱ ‹‹የዘር ነው›› ያላትን አምና ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። የሚቀባው ቀለም ከአዝራር ጣሳው ስር ተደብቆ እንደሚኖር ማንም አያውቅም፤ ቢያንስ እሱ የሚያስበው እንደዚያ ነበር።

አንድ ሰሞን የላይ ከንፈሩ ሽፍታ አወጣ። አበጠ፣ አሳከከው፣ ስፒል በከንፈሩ ይዞ መሥራትም አቃተው። ጥፋተኛ ለማግኘት ሩቅ አልሄደም፤ አብረውት የሚኖሩት አማቱ እቤት የሚሠሩትን ሳሙና ወነጀለ። አማቱ በሰባ ዓመታቸው ‹‹አንዲት ሽበት የለችብኝም›› ብለው የሚምሉ ኩሩ ሴት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ብረት እየጎረሰ ሳሙናዬን ያማል ብለው አኮረፉት።

ጭቅጭቁ ያንገሸገሻት ሚስቱ ጎትታ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ የሳሙናውን፣ የብረቱንና የሌሎች ተጠርጣሪዎችን ናሙና ጀርባው ላይ ለጥፋ፣ እንዳይታጠብና እንዳያክ አስጠንቅቃ ሸኘችው። ጀርባዬ ላይ ጢም የለ፣ ምን ይገኝብኛል ብሎ ሰውየው ዘና አለ።

ውጤቱ በሚነገርበት ቀን አማቱም ሳሙናቸው ነጻ ሲወጣ በዓይናቸው ለማየት አብረው ሄዱ። ሐኪሟ ጀርባውን እያየች አስረዳች። ቆዳችን ውስጥ አንዴ የጠመዱትን ነገር የማይረሱ ተከላካይ ሴሎች አሉ፤ ያ ነገር ሲመጣ ተነስተው ቆዳውን ያስቆጡታል። ‹‹በቃ፣ ተዉ›› እያሉ የሚያበርዷቸው ሌሎች ሴሎችም አሉ። የእሱ አብራጆች ግን አልቻሉም።

‹‹ሳሙናውም ብረቱም ሰላም ናቸው›› አለች። ‹‹ይኼ የተቆጣው የፀጉር ቀለም የተለጠፈበት ነው።››

‹‹የምን ቀለም?›› አለች ሚስቱ።

ልብስ ሰፊው ጀርባውን እንደሰጠ ላብ አጠመቀው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

‹‹የእኔ ነው›› አሉ አማቱ ሻሻቸውን እያስተካከሉ። ‹‹ፀጉሬን እየቀባልኝ በዚያው እጁ ጢሙን ይነካካል። ስንት ጊዜ ተው አልኩት።››

ሚስትየው ባሏን ረስታ እናቷ ላይ አፈጠጠች። ሴትየዋ የዕድሜ ልክ ኩራታቸውን ለእሱ ጢም ሲሉ ጥለውለታል። ልብስ ሰፊው አፈረ፤ ሳሙናውን ያማበት ምላሱ ጭምር አሳከከው። አብራጅ የተባለው ለካ እቤቱ ነበር።

ሲወጡ እግራቸው ስር ወድቆ ይቅርታ ሊጠይቅ ጎንበስ አለ። አማቱ ክንዱን ይዘው ቀና አደረጉት፤ ወደ ጆሮውም ጠጋ አሉ።

‹‹ከአዝራሩ ጣሳ ስር ያለውን ከእንግዲህ እንዳትነካው›› አሉት። ‹‹እኔን አያሳክከኝም።››