ትርፍራፊው እያለ

ሶማሌ ተራ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ በእኛ መስመር ያሉት ውሾች ከአራት በልጠው አያውቁም ነበር። መውለዱንማ ይወልዳሉ፤ ቡችሎቹን የክረምቱ ዝናብና ዕቃ የሚያራግፈው መኪና ይጨርሷቸዋል። ጥጉ ላይ ያለው ምግብ ቤት የሚደፋው ትርፍራፊም ቢሆን ለአራት እንጂ ለአምስት አይበቃም። እንግዳ ውሻ ብቅ ካለ አራቱ ተባብረው እስከ አብነት ሰፈር ድረስ ያባርሩታል።

የመስመሩ ዘበኛ ብቸኛ ሽማግሌ ናቸው። ጆሮዋ ከተቀደደው ቡኒ ውሻ ጋር ቁርሳቸውን ይካፈሉ ነበር። ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስመጣ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸዋለሁ።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ በውሻ ደነገጠች ተብሎ ነጋዴው ተሰበሰበ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መርዝ ይገዛ አለ። ዘበኛው ተነስተው ለመኑ፤ አብረውኝ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው አሉ። እኔም ትርፍራፊው ካልተነሳ እነዚህ ቢሞቱ ሌሎች ይተካሉ፣ ይልቅ ክዳን ያለው በርሜል ይገዛ አልኩ። የምግብ ቤቱ ባለቤት የሰብሳቢው ሚስት ወንድም ነው፤ ማን ይድፈረው። የውሻ ፕሮፌሰር ሆንሽ ብለው ሳቁብኝ። ለበርሜል ያልተገኘው ገንዘብ ለመርዝ ወዲያው ተዋጣ።

በማግሥቱ የአራቱን ውሾች ሬሳ ያነሱት ዘበኛው ናቸው። ሦስቱን በጋሪ አስወጧቸው፤ ቡኒዋን ግን በካፖርታቸው ጠቅልለው ለብቻዋ ወሰዷት። የት እንደቀበሯት ለመጠየቅ አፈርኩ።

መስመሩ ለጥቂት ሳምንታት ጭር አለ። ሰብሳቢው ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደድ ነበር። ትርፍራፊው ግን የሚበላው አጥቶ ተከመረ፣ መጤውን የሚያባርርም አልነበረም። ከየሰፈሩ መጡ፤ ከበፊቶቹ እጥፍ ሆኑ፤ በአጥንት እርስ በርሳቸው ይናከሳሉ። አንድ ማለዳ ዘበኛው የሱቆቹን ቁልፍ እየፈተሹ ሲያልፉ ተረባርበው እግራቸውን ዘነጣጠሉት።

ትናንት ሰብሳቢው በየሱቁ እየዞረ ደግሞ የመርዝ መዋጮ ሲለምን በንዴት ተቃጠልኩ። ምንም አልሰጠሁትም። ሱቄን ዘግቼ በቀጥታ ዘበኛው ቤት ሄድኩ፤ እግራቸው ታስሮ ተኝተዋል፣ የውሻ በሽታ መርፌው ገና አላለቀላቸውም። የሰብሳቢውን ነገር ነገርኳቸውና ሰውየውንም፣ የነከሷቸውንም ውሾች አንድ ላይ ረገምኩ።

"ውሾቹን ተያቸው ልጄ" አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው። "እነሱ አያውቁኝም። የምታውቁኝ እናንተ ነበራችሁ።"