አጭሯ ሾትጋንና የኩሽናው ሌባ

ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ላስ ቬጋስ ሙቀቱ ገብቶ ኤሲ መክፈት በጀመርንበት ሰሞን ነበር። እስከ ዛሬ ሰው ተሰብስቦ የሌባ ወሬ ሲነሳ እፈራለሁ። የምፈራው ግን ሌባውን አይደለም፤ ራሴን ነው።

የምንኖረው ሰንራይዝ ማነር ነው። እኔ ካዚኖ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ትዕግስት ደግሞ ሆቴል ውስጥ ቀን ትሠራለች። ስለዚህ ሌላው ሰው ሥራ ሲገባ እኔ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሌቦች ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ያለውን ቤት ሰብረው ገቡና ቴሌቪዥን ተሸክመው ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ምንም አልሰማሁም።

ስህተቴ የጀመረው ይህን ለብሩክ ስነግረው ነው። ብሩክ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ከወንጭፍ ያለፈ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም፤ እዚህ ከመጣ በኋላ ግን ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ጄኔራል ሆኗል።

«ሽጉጥ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ ብሬክ ላይ ሆነን። «ላንተ የሚሆንህ አጭር ባለፓምፕ ሾትጋን ነው። ኮሪደር ውስጥ እንደልብህ ታዞራታለህ። ደግሞ መተኮስም የለብህ! ጥይት የሚያጎርሰውን ፓምፕ አንዴ ቀጭ ቀጭ ስታደርገው ሌባው ድምፁን ሰምቶ ሱሪው ላይ ይለቀዋል።»

ፈርቼ ስለነበር አመንኩት።

ኦፍ በሆንበት ቀን አብረን መሣሪያ መሸጫ ሄድን። ሻጯ ስልሳዎቹን ያጋመሰች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ነበረች። ብሩክ እሷን አልፎ ወንድ ሻጭ ሲፈልግ አየችውና ፈገግ አለች።

አጭሯን ሾትጋን አነሳሁ። ፊት ለፊቴ መስታወት ነበር። ራሴን አየሁና ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ማንም ቢመክረኝ የምሰማ ሰው አልነበርኩም።

ሴትየዋ ግን ሞከረች። «ተኩሰህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ይቺ ለጀማሪ አትሆንም። አጭርና ቀላል ስለሆነች የዋህ ትመስላለች፤ ስትተኩስ ግን ምቷን በሙሉ የሚቀበለው ትከሻህ ነው። ረዘም ያለችው ትሻልሃለች።» ቀጥላ ጠየቀችኝ፤ «ከመኝታ ቤትህ ግድግዳ ጀርባ ምንድን ነው ያለው?»

«የልጄ ክፍል።»

«የእኛ አገር ግድግዳ ጥይት አያቆምም» አለች። «ከመግዛትህ በፊት ትምህርት ውሰድ። ከመተኮሱ ይልቅ የቤትህን ሰው ከሌባ መለየቱ ነው የሚከብደው።»

ብሩክ በአማርኛ «ሴትዮዋ ልትሸጥልን ነው ልታስተምረን?» አለኝ። ተሳሳቅን። አጭሯን ገዛሁ።

በማግስቱ መለማመጃ ቦታ ሄጄ አምስት ጊዜ ተኮስኩ። አምስቱንም ዓይኔን ጨፍኜ። ወረቀቱ ላይ የተሳለው ሌባ አንድ ጭረት ሳይነካው ቆሞ ያየኝ ነበር። ትከሻዬ ሳምንት ሙሉ እንደ ደበርጃን ጠቁሮ፣ ሸሚዝ ስለብስ አቃስት ነበር። ትዕግስት «ለመሆኑ የሚሰርቁን ምን አለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጃችን ቤት ስትሆን ሾትጋኗን ሳጥን ውስጥ እንድቆልፍ አስማለችኝ። ቀን ብቻዬን ስተኛ ግን ብሩክ እንዳዘዘኝ ጥይት ሞልቼባት አልጋዬ ሥር አደርጋታለሁ።

አንድ ሐሙስ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ከኩሽና በመጣ የብረት ድምፅ ነቃሁ። ደግሞ ተሰማ። ሰው ቤታችን ውስጥ አለ። ትዕግስት ሥራ፣ ልጃችን ትምህርት ቤት ናቸው።

ለፖሊስ ልደውል? ስልኬ ከጎኔ ነበር፤ አላየሁትም። ሾትጋኔን ይዤ በባዶ እግሬ፣ በፓንትና በካዚኖ ቲሸርት ወጣሁ። «እንደልብህ ታዞራታለህ» የተባልኩበት ኮሪደር ውስጥ ገና በሁለተኛው እርምጃ አፈሙዙ የሠርጋችንን ፎቶ መትቶ ጣለው። መስታወቱ ተሰበረ። የሰውየው ሥራ ግን አልተቋረጠም።

ብቅ ስል ኬፕ ያደረገ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ጭንቅላቱን ዕቃ ማጠቢያው ሲንክ ሥር ከትቶ ተንበርክኳል።

ፓምፑን ሳብኩ። ቀጭ ቀጭ! ምንም።

«ዶንት ሙቭ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። ሰውየው ንቅንቅ አላለም። እጁን ብቻ ወደ ኋላ ሰድዶ አጠገቡ ያለውን ብረት ይዳብስ ጀመር። አነጣጠርኩ። እንዲሰማልኝ ብዬ ፓምፑን እንደገና በኃይል ሳብኩ። ለካ በመጀመሪያው ያጎረስኩትን ጥይት እያስወጣሁ ነው! ጥይቱ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ተንከባሎ ተንከባሎ ሰውየው ጫማ ጋ ደረሰ።

ሰውየው አነሳው። ገለባብጦ አየውና ለራሱ በአማርኛ፤

«ይቺ ደግሞ ከየት ወለቀች?» አለ።

አማቴ ናቸው። አቶ ተሰማ፣ የትዕግስት አባት። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ከሌላዋ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ጆሯቸው በማዳመጫ ነው የሚሰማው፤ ውሃ እንዳይነካባቸው ብለው አውልቀው ኪሳቸው ከተውታል። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧችንን ሊሠሩ ትዕግስት በሰጠቻቸው ቁልፍ ገብተዋል። ጥይቷን የቧንቧው ዕቃ መስላቸው ነበር።

ዘወር ሲሉ አዩኝ። «ተነሳህ እንዴ? እንዳልቀሰቅስህ ብዬ እኮ ነው ቀስ ብዬ የምሠራው» አሉኝ።

«አባባ፣ ሌባ መስለውኝ ነው» አልኩ።

«እህ?»

«ሌባ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«የት አለ?» ብለው እንግሊዝ ቁልፋቸውን አንስተው ብድግ አሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከሌባ ሊያስጥሉኝ ነው! በሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን አዩ። መዳፋቸው ላይ ያለችውን ደግመው አዩ። ያን ጊዜ ገባቸው።

ፊታቸው ሲለወጥ ማየት አልፈልግም ነበር። ጥይቷን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አቆሙና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ውሃ ስጠኝ» አሉ። ቧንቧውን ብከፍት ደረቅ ነው፤ ራሳቸው ከውጭ ዘግተውታል። ሱሪ እንኳ ሳልለብስ ፍሪጅ ከፍቼ ወተት ቀዳሁላቸው። ጠጡት። ከዚያ ተመልሰው ተንበርክከው ቧንቧውን ጨረሱ። እኔ የእጅ ባትሪ ያዝኩላቸው።

ስልኬን ሳይ የትዕግስት መልእክት ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። «አባባ ቧንቧ ሊሠራ ይመጣል፣ እንዳትደነግጥ» ይላል።

ማታ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። አባቷ ጋ ደውላ ደህና መሆናቸውን ጠየቀች። ዘግታ ስታበቃ «ነገ ከዚህ ቤት ወይ እሷ ትወጣለች ወይ አንተ» አለችኝ። በማግስቱ ሸጥኳት።

ብሩክ ታሪኩን ሲሰማ ትንሽ አሰበና «አየህ፣ መብራት አላስገጠምክባትም እኮ» አለኝ። በጠራራ ፀሐይ! አሁን ለሌላ ሰው ምን መግዛት እንዳለበት እየመከረ ነው።

አባባ በየበዓሉ ይህን ያወራሉ። ፓንቴን ሳይቀር ሲተርኩ ሰው በሳቅ ይፈርሳል፤ እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እሳቸው «ጥይቷን ጥሎ፣ ያልጎረሰ ጠመንጃ ይዞ» እያሉ ነው የሚያወሩት። አላረምኳቸውም። አንዷ ጥይት ስትወድቅ ሌላዋ በቦታዋ ገብታ ነበር፤ ጣቴም ቃታው ላይ ነበር። ያን ቀን ለራሳቸው በአማርኛ ባይናገሩ ኖሮ፣ ይህን ታሪክ እያወራ የሚያስቅ ሰው አይኖርም ነበር።