የአሰላው ቤትና የማይያዘው ስህተት

ከአሰላ በወጣሁበት ምሽት እናቴ አላለቀሰችም። ሲስተር አስናቀች ሰው ፊት አታለቅስም፤ ዕድሜዋን በነርስነት የሰው እንባ ስታብስ ኖራ የራሷን ለብቻዋ ማድረግ ለምዳለች። በዚያ ፈንታ ሻንጣዬን እየፈታች መልሳ ትዘጋው ጀመር። ጎረቤታችን አዴ ዘይቱና ደግሞ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ጭኮ ይዘው መጡ። ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ በቅቤ የታሸውን ጭኮ አርሲ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ መንገደኛ ያለሱ አይሸኝም።

«ጀርመን ብርድ ነው አሉ» አሉኝ።

«አዴ፣ እኛስ የምንኖረው ጭላሎ ተራራ ሥር አይደል?»

«የኛ ብርድ ሰው ያውቃል!» አሉና ግንባሬን ስመው «ናጋን ጋሊ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው መረቁኝ። በሰላም ግቢ ልጄ ማለታቸው ነው። እናቴ የሸኘችኝ እስከ በር ብቻ ነው። «ስትደርሺ ደውዪ» አለች።

አዴ ዘይቱና እውነታቸውን ነበር። አሰላ ጠዋት ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ጋሪውንም ባጃጁንም ይውጠዋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ግን ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ እየሞቀ ያወራል። ጀርመን ፀሐይ ብትወጣም ሰው ለብቻው ነው የሚሞቀው። ሰላም ብዬ ያቆምኳቸው ሰዎች መንገድ የጠፋብኝ እየመሰላቸው ባቡር ጣቢያውን ያሳዩኝ ነበር። እኔ የፈለግኩት «እንዴት አደርሽ» የሚለኝ ሰው እንጂ ባቡር አልነበረም።

አከራዬ ፍራው ክራንዝ፣ ማለትም ወይዘሮ ክራንዝ፣ ይባላሉ። አንድ ቅዳሜ ጭኮዬን ለቁርስ ሞቅ ሳደርግ በሩን አንኳኩ።

«ጋዝ እየፈሰሰ ነው?»

«አይ፣ ቅቤ ነው።»

«ቅቤ እንዲህ አይሸትም!»

«የእናንተ አይሸትም» አልኳቸው፣ እያዘንኩላቸው። «ይሄኛው አገሬ እያለሁ የተነጠረ ነው። እዚህ ከመጣሁ እንኳን ወራት አልፈዋል።»

ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሹ። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ፤ ተከራዮች የተበላሸ ምግብ እንዳያሞቁ በትሕትና ይጠይቃል። ሕንፃው ውስጥ ያለነው አራት ተከራዮች ሆነን ሳለ «ተከራዮች» ብለው በጅምላ መጻፋቸው ለክብሬ ተጨንቀው ይመስለኛል። ጭኮውን ከዚያ ወዲያ ቀዝቃዛውን በላሁት።

አሁን ስለዚያ ቤት ልንገራችሁ፤ የእናቴን ማለቴ ነው። የእኛ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም። እናቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። መጀመሪያ እዚያው አርሲ፣ ጎበሳ ተመደበች፣ ከዚያ አሰላ ስትዛወር ለጤና ሠራተኛ የሚሰጠው የመንግሥት ቤት ደረሳት። ሁለት ክፍልና አንዲት ማድ ቤት ናት። እኔ እዚያው ተወለድኩ፣ እዚያው አደግኩ። የየት አገር ሰው ነሽ ስባል አሰላ ስል እናቴ አሁንም ደብረ ብርሃን ትላለች። ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ቤቱ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል፣ እሷም ደብረ ብርሃን ወንድሟ ዘንድ ትሄዳለች። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ቤቱ ሳይለቀቅ ደርሼ፣ ጥቂት ቀን በዚያች አልጋዬ ተኝቼ፣ ዕቃውን ከእናቴ ጋር አብሬ እንዳነሣ። አልጋው እንኳ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ነው። ግን ያንን ጡብ ለሌላ ሰው ትቼ መውጣት ከበደኝ።

ለመሄድ የመኖሪያ ፈቃዴ መታደስ ነበረበት። የውጭ ዜጎች ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ የታለ?» አለኝ።

«የሙከራ ጊዜሽን ስትጨርሺ እንሰጥሻለን አሉ።»

«እንግዲያው ሲጨርሱ ይምጡ።»

«ፈቃዴ እኮ ከዚያ በፊት ያልቃል።»

«ጊዜያዊ ወረቀት እንሰጥዎታለን። በሱ መኖር ይችላሉ።»

«አገሬ ደርሼ መምጣትስ?»

«መሄድ ይችላሉ» አለ፣ በደግነት። «መምጣት ነው የማይችሉት።»

ስለዚህ ሁሉ ነገር ሥራዬ ላይ ወደቀ። ሥራሽ ምንድን ነው እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ላስረዳ። ኮምፒውተር ውስጥ ኔትወርክ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በኬብል የሚመጣውን መልእክት ተቀብሎ ለዋናው ሲስተም የሚያቀብለው እሱ ነው። በውስጡ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ይልካል፣ አንዱ ደግሞ ኬብሉ የተሰካበት መሣሪያ ሲነቀል መልእክቱ የተቀመጠበትን ቦታ ያጸዳል። እነዚህን ትሬድ እንላቸዋለን። ጣጣው የሚመጣው ሳይነጋገሩ አንድ ዕቃ ሲነኩ ነው። ሁለት እህትማማቾች አንድ ማድ ቤት ገቡ በሉ። አንዷ ድስት ጥዳ ሽንኩርት ልታመጣ ወጣ ስትል ሌላዋ ገብታ ድስቱን ደፍታ አጥባ ሰቀለችው። ያቺ ተመልሳ፣ ሳታይ፣ ሽንኩርቱን እሳቱ ላይ ትደፋዋለች። ኮምፒውተር እንዲህ ሲገጥመው ቀጥ ይላል።

ለእኔ የተሰጠኝ ስህተት ይኸው ነበር። መልእክት እየጎረፈ ሳለ መሣሪያው ከተነቀለ ማሽኑ አንዳንዴ ድርቅ ይላል። አንዳንዴ ነው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ልከታተለው ቁጭ ስል ጨዋ ይሆናል፣ ፊቴን ሳዞር ይደርቃል። ስድብ የማላውቀው ሴት በአማርኛም በኦሮምኛም ተሳደብኩበት።

በመጨረሻ አገኘሁት። የሚያጸዳው ክፍል፣ የሚቀበለው ገና እየሠራበት ያለውን ቦታ ሥራው አልቋል ብሎ ይለቅቀዋል። ያንን ክፍል ከዓመታት በፊት የጻፈው ደግሞ አጠገቤ የሚቀመጠው ቶማስ ነው። ቶማስ ጸጉሩ የሸበተ፣ ሁልጊዜ ፖም ቆርጦ ግማሹን ጠረጴዛዬ ላይ የሚያስቀምጥልኝ ሰው ነው። እዚያ ቢሮ ሽማግሌውንም አለቃውንም አንተ ነው የሚሉት፤ ትልቅ ሰው እርስዎ እያልኩ ያደግኩት እኔ እሱን አንተ ባልኩ ቁጥር ምላሴ ይያዝ ነበር። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ሁላችን ቆመን ሥራችንን ስንናገር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስህተቱ የቶማስ ነው ልበል? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር? «ደህና ነው፣ እየሠራሁበት ነው» አልኩ። ከዚያም የሚያጸዳው ክፍል ቦታውን ከመልቀቁ በፊት ትንሽ እንዲጠብቅ አደረግኩት። እስከዚያ ያኛው ይጨርሳል በሚል። የቶማስን ጽሑፍ ሳልነካ፣ ማንንም ሳላስቀይም።

ማሽኑ ለቀናት አልደረቀም። እኔም ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ በቅርቡ እመጣለሁ።»

«ቤቱ የት ይሄዳል ብለሽ ነው? አትቸኩዪ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ስለ ፈቃዱ አልነገርኳትም፤ እንዳትጨነቅ። እሷ ደግሞ የቤቱን ቁልፍ እንድታስረክብ ደጋግመው እንደጠየቋት፣ ልጄ እስክትመጣ ትንሽ ታገሱኝ እያለች እንደቆየች አልነገረችኝም፤ እንዳልጨነቅ። አገራችን ሩቅ ላለ ሰው ክፉ አይነገርም። እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ማሽኑ እንደገና ደረቀ፣ ያውም ደንበኞች በተሰበሰቡበት። አለቃችን ጠራችኝና የሙከራ ጊዜዬን ማጠናቀቄን አሁን ልትፈርም እንደማትችል ነገረችኝ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ሳለቅስ ቶማስ ፖሙን ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ይሉኝታዬ አለቀ።

«ጥፋቱ ያንተ ነው» አልኩት።

«የኔ?»

ስክሪኑን አዞርኩለት። ጎንበስ ብሎ ረዥም ጊዜ አነበበና ድንገት በሳቅ ፈነዳ። «አዎ የኔ ነው! ይሄን ነገር ለዓመታት ስፈልገው ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ካወቅኩት ቆይቻለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

መልሱን በጀርመንኛ አጣሁት። ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይታረምም ብዬ እንደምንም ስተረጉምለት ቶማስ ይበልጥ ግራ ገባው። «አሁን እኮ ደስ አሰኘሽኝ» አለ። እውነትም እንደ ልጅ ነበር የተደሰተው። ሁለታችን ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው። «ትንሽ ጠብቅ» የምትለዋን ጣልናት፤ ትንሽ ማለት ለማሽን ምንም ማለት አይደለም። ቦታውን የሚጠቀምበት ሁሉ ሲገባ «ገብቻለሁ» ሲወጣ «ወጥቻለሁ» እንዲል፣ የመጨረሻው ሳይወጣም ማንም እንዳይለቅቀው አደረግን። መሣሪያውን ቀን ከሌት ብንነቅለው፣ ብንሰካው ማሽኑ አልደረቀም። አለቃችን ፈረመች፣ ቶማስም ያገኘችው እሷ ናት ብሎ ለሁሉም ተናገረ። ፈቃዴ ሲመጣ ቲኬት ቆረጥኩ። ደስታዬ ለከት አጣ፤ ለፍራው ክራንዝ ሳይቀር ነገርኳቸው። «ቅቤ ይዘው ይመለሳሉ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮው ውጭ ቆሜ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ቲኬት ቆረጥኩ! ፈቃዴ ታደሰ፣ እሱ ነበር የያዘኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አሰላ ነኝ።»

«እሰይ ልጄ» አለች። ድምፅዋ ገደል ውስጥ ያለች ይመስል ነበር።

«የት ሆነሽ ነው? ድምፅሽ ያስተጋባል።»

«ቤት ነኝ። ዕቃው ወጥቶ ነው።»

«የቱ ዕቃ?»

«ሁሉም። አጎትሽ ትናንት በአይሱዙ ጫነው። ከዚህ በላይ ታገሱኝ ማለት አፈርኩ፣ ልጄ። አንቺም ቀኑን ስላልነገርሽኝ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ…»

«አልጋዬስ?»

«እሱ ለመንገድ አይሆንም። ለጎረቤት ሰጠሁት።»

እዚያ በር ተንኳኳና «ቆዪኝ፣ ሰው መጣ» አለች፤ ስልኩን ሳትዘጋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው መሰለኝ። ኮቴ ሰማሁ፣ ከዚያ የወጣት ሴት ድምፅ። ቤቱ የተሰጣት አዲሷ ነርስ ናት። «ሲስተር፣ እንደምን ዋሉ» አለች፣ ቁልፉ ሲንቀጫቀጭም ሰማሁ። ከክፍል ክፍል እየተዘዋወሩ እናቴ ታስረዳታለች፤ ውሃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ መስኮቱ እንዴት እንደሚዘጋ።

«ይቺስ ክፍል?» አለች ልጅቷ። የኔ ክፍል ናት። «ጨለማ ናት። ማብሪያው የት ነው ያለው?»

«ከበሩ ጀርባ ነው፣ ከፍ ብሎ» አልኩ እኔ፣ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የሚያልፉት ጀርመኖች ዞር ብለው አዩኝ። እዚያ የሰማኝ የለም፤ ልጅቷ ግድግዳውን በእጇ ስትዳብስ ይሰማኛል።