የሻገተው የማንጎ አቻር

የማንጎ አቻሩን ያሻገትኩት እኔ አይደለሁም። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁንም ይመዝገብልኝ።

ከሁለት ወር በፊት እዚህ ጅጅጋ የልጅ ልጄ ጥሬ ማንጎ በስኳር፣ በሆምጣጤና በቅርንፉድ ስትቀቅል ሽታው ወደ ዘጠኝ ዓመቴ መለሰኝ። ያን ጊዜ ሀሊማ የምትባል የአጎቴ ሙሽራ፣ ከባቢሌ በመጣ ማንጎ ለኢድ አቻር፣ በጠርሙስ የሚቀመጥ ጣፋጭና ኮምጣጣ ማባያ፣ ሠራች። እንግዳ ስለመጣባት ሳይበርድ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣ ከደነችው። ክዳኑን ከውስጥ ሲያልበው በዓይኔ አይቻለሁ። ለኢድ ሲከፈት ነጭ ሻጋታ ለብሶ ተገኘ።

አማቷ፣ ማለትም አያቴ፣ "ማናት እርጥብ እጇን የከተተችው?" ብላ ጮኸች።

"እሷ ናት!" አለች ሀሊማ ወደ እኔ እየጠቆመች።

"ውሸት! ትኩሱን ከድነሽው ነው!" ብል አያቴ በጥፊ አጮለችኝ።

"ሌብነትሽ ሳያንስ ደግሞ ምላስሽ!"

ከኢድ ማዕድ ተባርሬ ደጅ ዋልኩ።

ባለፈው ወር ቀብሪበያ ድረስ ሄጄ፣ ዛሬ ዓይኗ የደከመውን ሀሊማን ፊት ለፊት ጠየቅኋት።

"ኤዶ ሀሊማ፣ አክስቴ፣ እውነት እኔ ነበርኩ?"

"አልነበርሽም" አለችኝ። "አንቺ ግን የቤቱ ልጅ ነሽ፤ ብትመቺም ማታ እዚያው ታድሪያለሽ። እኔን በዚያው ቀን ወደ አባቴ ቤት ይመልሱኝ ነበር።"