ሁለት ቀኝ በሬ

በ2010 ዓ.ም. የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርሁ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና አሳምሬ አልጽፍም፤ የሆነውን ግን አልረሳሁም።

ያኔ አንድ በሬ ነበረኝ። አበልጄም አንድ በሬ ነበረው። አበልጄ የምለው አጥር የምንጋራውን ጎረቤቴን ነው፤ የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እርሱ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ሁለቱን እየጠመድን አንድ ቀን የእኔን መሬት፣ አንድ ቀን የእርሱን እናርስ ነበር። መቀናጆ ይባላል። የእኔ በሬ በቀኝ፣ የእርሱ በግራ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አረስን።

የመቀናጆ ክፋቱ በዓል ነው። በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በማርያም በሬ አይጠመድም። በዓሉ በአንተ ቀን ከዋለ ቀንህ ሄደ፤ በማግስቱ የባልንጀራህ ተራ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሦስት ጊዜ በእኔ ቀን ዋለ። አበልጄን "ቀኔን መልስልኝ" ብለው "ከሚካኤል ጠይቅ" አለኝ። ጤፌን ዘግይቼ ዘራሁና ጭድ ብቻ አጨድሁ። እህሉ እስከ ፋሲካ እንኳ አልደረሰም፤ ሚስቴ ከወንድሞችዋ ቤት በስልቻ እያመጣች ከረምን። ሁለት በሬ ያገኘሁ ዕለት ከማንም ጋር አልቀናጅም ብዬ የማልሁት ያኔ ነው።

ገንዘቡ በግንቦት መጣ። የእርዳታ ሰዎች ከቀበሌ ጋር ሆነው ቤት ለቤት ዞሩ። ስንዴም ዘይትም አልያዙም፤ ጥሬ ገንዘብ ሊሰጡ ነው። የሣር ቤት ያለውን ጻፉ፤ ቆርቆሮ ያለውን አለፉ። አበልጄ ዐረብ አገር ያለች ልጁ በላከችለት ገንዘብ የመታው ቆርቆሮ ነበረው፤ አለፉት። ከእኔ ጋር ያለን ልዩነት ጣሪያው ብቻ ነበር።

የምትጽፈው ልጅ ከደብረ ማርቆስ የመጣች ናት።

"አባቴ፣ ገንዘቡን ምን ሊያደርጉበት ነው?"

"ምን አገባሽ?"

ሳቀች። "አያገባኝም፤ የወደዱትን ያድርጉበት። ብቻ ጠይቀሽ ጻፊ ተብያለሁ።"

በዚያን ያህል ዕድሜዬ የሚሰጠኝ ሰው ምን ልታደርግበት ነው ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያልለመድሁት ሆኖብኝ ነው የተቆጣሁት።

"እንግዲያ በሬ ብለሽ ጻፊ።"

ሚስቴ ከጓዳ ሆና "ጣሪያ በይ! የሚያፈስሰው እኔ ላይ ነው" አለች።

ልጅቷ ሁለቱንም ጻፈች። ገንዘቡ በሁለት ዙር ስለሚሰጥ፣ የመጀመሪያው ለበሬ፣ ሁለተኛው ለጣሪያ ይሁን ብለን ታረቅን።

በሐምሌ መጀመሪያ የበሬውን ገንዘብ ይዤ ይጁቤ ገበያ ወረድሁ። ከዚያ በፊት ከብት ስገዛ አበልጄ አብሮኝ ይሄድ ነበር። እኔ ጥርሱን፣ ሻኛውን፣ ሰኮናውን አያለሁ፤ ሻጩን ጠያቂው እርሱ ነው። አሁን ግን "ካንተ ልለይ ነውና ና በሬ አማርጠኝ" እንዴት ይባላል? ብቻዬን ሄድሁ። ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ ሻኛው የቆመ ቀይ በሬ አገኘሁ።

"ይዋጋል?"

"ከጠቦት ይገራል አባቴ። ሲጠምዱት ይመርቁኛል።"

ገዛሁት። ስመለስ አበልጄ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። በሬውን ይዤ እስካልፍ ድረስ ከፊትም ከኋላም አየው።

"እንኳን ደስ አለህ አበልጄ።"

"እንኳን አብሮ ደስ አለን።"

"ሰኞ የእኔ ቀን ነው" አለኝ።

"ከእንግዲህ የእኔ ቀን፣ የአንተ ቀን የለም" አልሁት። "በራሴ ጥማድ ላርስ ነው።"

"እኔስ?"

"አማችህ በሬ አለው።"

"አማቼ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ነው።" ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሰኞ ሁለቱን በሬዎቼን ጠመድሁ። ቀዩን በግራ አስገባሁት። ትልሙን ይዞ መሄድ ትቶ ጎኑን ወደ ጓደኛው እየገፋ ዞረ፤ የእኔው በሬ ደግሞ ቦታውን አለቅም አለ። ቀንበሩ ተጣመመ። ጅራፍ ሳነሣ ቀዩ እርሻው መካከል ተኛ። ማክሰኞ ቦታ ቀየርሁላቸው፤ ባሰ። ረቡዕ ሞፈሬን ሰበሩት። ሚስቴ ምሳ ይዛ መጥታ የተሰበረውን አየች።

"በገንዘቡ ባል ብገዛበት ይሻለኝ ነበር" አለች።

ከድንበሩ ወዲያ አበልጄ መሬቱን በዶማ ይቆፍራል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ "በርታ አበልጄ!" አለኝ። በሬዎቼን ፈታሁ። በእኛ አገር ጤፍ ገብርኤል ሳይደርስ ካልተዘራ አይሆንም። ሐምሌ ገብርኤል ስምንት ቀን ቀርቶታል። አዲስ በሬ በግራ ማስለመድ ወር ይፈጃል። ያን ዓመትም ጭድ ካጨድሁ የሚስቴ ወንድሞች ሁለተኛ በር አይከፍቱልንም፤ ቀዩንም ሸጬ መብላቴ ነው።

በማግስቱ ሚካኤል ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አበልጄን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጽድ ዛፉ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። መዳፉ ውኃ ቋጥሯል። አጠገቡ ተቀመጥሁ።

"ቀኝ ነው" አለኝ።

"ምኑ?"

"ቀዩ። እንደ በሬህ ቀኝ ነው። ከገበያ ስታስገባው አረማመዱን አየሁት፤ ጓደኛውን በግራው እየፈለገ ነበር የሚሄደው።"

በሬ እንደ ጫማ ነው፤ የቀኝ አለ፣ የግራ አለ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሻጩን በየት በኩል እንደሚጠመድ ሁልጊዜ የሚጠይቀው አበልጄ ስለነበር፣ ጥያቄው ከአፌ ጠፍቶ ነው።

"አይተህ ለምን ዝም አልኸኝ?"

"አልጠየቅኸኝማ። ቀን የለንም አልኸኝ እንጂ።"

ተነሥቼ ልሄድ ነበር። እግሬ ግን ጤፉን አሰበና ቀረ።

"ያንተው ግራ ነው" አልሁት።

"የእኔው ግራ ነው። ታዲያ አንዱ የእኔ በሬ ካንተ ሁለት በሬዎች ጋር በየቀኑ ሊጠመድ ነው? ያንተ እየተፈራረቁ ሲያርፉ የእኔው ሊሞት?"

"አተላውንም ድርቆሹንም ከቤቴ አመጣለታለሁ።"

"በዓልስ?"

"በዓል በማንም ቀን ይዋል፣ በማግስቱ ያው ሰው ያርሳል።" ይህን ከእርሱ ለማግኘት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጨቃጭቄአለሁ። ሁለት በሬ ይዤ የሰጠሁት እኔ ሆንሁ።

"የመጀመሪያው ቀን የማን ነው?" አለኝ።

የሚዘራው የእኔ ጤፍ ነው፤ ለገብርኤል የቀረውም ሰባት ቀን ብቻ ነው። መዳፉን አየሁት። ሰኞ የእርሱ ቀን ነበር።

"ያንተ።"

ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም ጠይቀኝ አላለም። "እንግዲያ ሞፈሩን ከእኔ ቤት ውሰድ፤ ያንተን እንደሰበርኸው መንደሩ ሁሉ ሰምቷል" ብሎ እየሳቀ ተነሣ።

በማግስቱ ሳይረፍድ ቀዩን በሬ ነዳሁ፤ ሚስቴ የሰጠችኝን አተላ በጄሪካን ያዝሁ። የአበልጄ በሬ ያን እስኪጠጣ ጠበቅሁት። ከዚያ እርሱን በግራ፣ ቀዩን በቀኝ ጠመድሁ። አበልጄ እርፉን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። በዚያ እጅ አይጨበጥም ብዬ ከለከልሁትና መሬቱን እኔው አረስሁለት።