ሮዝዌል፣ ዘሬን የቆጠርኩበት ቤት

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ አትላንታ በገባሁ በዓመቱ፣ አጠገቧ ባለችው ሮዝዌል ከተማ ነጭ ዓምዶች ያሉት አንድ ትልቅ የድሮ ቤት አጸዳ ነበር። ቤቱን የሠራው የጥጥ እርሻ ባለቤት ነው፤ እንዲህ ነው የሚባለው እንጂ ጡቡን የተኮሱትም ዓምዱን ያቆሙትም ባሪያዎቹ ናቸው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲደርስ ባለቤቱ ሸሸ፤ ሲያልቅ ተመለሰና ደኸየ። የመጨረሻዎቹ ወራሾች፣ ሁለት ያላገቡ እህትማማቾች፣ እዚያው አርጅተው ሲሞቱ ቤቱ የጎብኚ ሆነ። አስጎብኚዋ የእህትማማቾቹን ብቸኝነት ስታወራ እንባ ይተናነቃታል፣ የባሪያዎቹ ነገር ላይ ስትደርስ ግን ቶሎ ብላ ታልፋለች። በጣም ነበር የምታናድደኝ።

አብረውኝ የሚያጸዱት ጥቁር አሜሪካዊት በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። የአያታቸው እናት የዚያ ቤት ባሪያ ነበሩ፤ ከሳቸው በላይ ያለውን ዘራቸውን አያውቁም። መኪና ስላልነበረኝ ጠዋት መጥተው ይወስዱኛል፣ ማታ ይመልሱኛል። በዚያ አገር ከሳቸው ሌላ ሰው አልነበረኝም። "እናንተ ባርነት የማታውቁ ሰዎች" እያሉ ሲኮሩብኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ "አንቺ ዘርሽን እስከ የት ታውቂዋለሽ?" አሉኝ። እኔም ልክ ለጋብቻ እንደሚቆጠረው አድርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው። መብላታቸውን ትተው ሰሙኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምናለ እዚያ ላይ ባበቃን።

"ያሳደገችሽስ ሴት?" አሉኝ። ስለሷ ሁሌ አወራላቸው ነበር፤ አዝላ ስላሳደገችኝ፣ ስታመም አቅፋኝ ስለምታድረው። "የሷንም ቁጠሪልኝ እስቲ።"

ከአባቷ ስም መጀመር ነበረብኝ። አላውቀውም። በእኛ ቤት ሁሉም ሰው ስሙ ከነአባቱ ሲጠራ የሷ ብቻውን ነበር። ከእናቴ ብትበልጥም እኛ ልጆች እንኳ አንቺ ነበር የምንላት። በልጅነቷ አያቴ ከአገራችን ደቡብ "አመጧት" ይባላል፤ እኔም እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ። ባርነት ቀረ ሲባል መሄጃ አልነበራትምና እኛው ጋ ቀረች።

"ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም" አልኳቸው። ፊቴ በእፍረት ነደደ። አስጎብኚዋን ስንቴ አምቻት ነበር።

ጥለውኝ ይነሳሉ ብዬ ፈራሁ፤ ግን አልተነሱም።

"እሺ፣ የራሷን ስም ብቻ ንገሪኝ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። እንዳያበላሹት ቀስ ብለው ደገሙት።

"ቆንጆ ስም ነው። እናቷ ናት ያወጣችላት?"

"አይደለችም" አልኩ። "አያቴ ናቸው። ሲገዟት።"